ከፋዩ ማን ነው? ጥቂት ተመልካች ያላቸው የቴሌቪዥን ፕሮግራሞች ስለሚታደሱበት ምክንያት የተደረገ ዳሰሳ

አንድ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ተመልካቹ ጥቂት መሆኑ እየታወቀ፣ ወይም ቢያንስ ጥቂት ነው ተብሎ እየታመነ፣ ውሉ ከዓመት ዓመት የሚታደሰው ለምንድን ነው የሚለው ጥያቄ በብዙ አገሮች የተነሣ ቢሆንም፣ የተሰጡት መልሶች አብዛኞቹ የአሜሪካን የቴሌቪዥን ገበያ መነሻ ያደረጉ በመሆናቸው በኢትዮጵያ ላይ እንዳሉ ሲጫኑ ብዙም አያስረዱም። በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ከጦር ኃይሎች እስከ አየር ጤና፣ ከቤቴል እስከ ዓለም ባንክ ባሉት ሰፈሮች የሚኖር ተመልካች ሪሞት ይዞ ጣቢያ ሲያገላብጥ፣ ማንም አያየውም ብሎ የሚገምተውን የስቱዲዮ ውይይት፣ የመሥሪያ ቤት ዘገባ ወይም የተንዛዛ ድራማ በየሳምንቱ በዚያው ሰዓት ያገኘዋል፤ በጉጉት ሲጠብቀው የነበረው ፕሮግራም ደግሞ አንድ ሳምንት ሳይነገር ይቀርና በዚያው ይጠፋል። ይህ ዳሰሳ የሚመረምረው ይህንኑ ተቃርኖ ሲሆን፣ የሚከራከረውም ፕሮግራምን የሚያድሰው ገንዘቡን የሚከፍለው ወገን ነው፣ በኢትዮጵያ ደግሞ ይህ ከፋይ ብዙ ጊዜ ጣቢያውም ተመልካቹም አይደለም በማለት ነው።

ወደ ምክንያቶቹ ከመግባት በፊት «ጥቂት ተመልካች» የሚለው አባባል በምን እንደሚለካ መታወቅ ይኖርበታል። ሬቲንግ የሚባለው የተመልካችነት መጠን ቴሌቪዥን ካላቸው ቤተሰቦች ሁሉ አንድን ፕሮግራም የተመለከቱት ከመቶ ስንት እንደሆኑ የሚያሳይ ቁጥር ነው፤ ሼር ወይም ድርሻ የሚባለው ደግሞ በዚያ ሰዓት ቴሌቪዥናቸውን ከከፈቱት መካከል ብቻ ተሰልቶ የሚገኝ በመሆኑ፣ በውድቅት ሌሊት የሚተላለፍ ፕሮግራም ሬቲንጉ አነስተኛ ሆኖ ድርሻው ግን ከፍተኛ ሊሆን ይችላል። ኒልሰን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ ይህን ቁጥር በናሙና ከተመረጡ ቤተሰቦች ሲሰበስብ የኖረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1987 ወዲህ እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ማየት ሲጀምርና ሲያቆም ቁልፍ በመጫን የሚያስመዘግብበትን መሣሪያ ሥራ ላይ አውሏል። የዚህ አሠራር ትልቁ ፋይዳ ቁጥሩ ፍጹም ትክክል መሆኑ አይደለም፤ ስለ ትክክለኛነቱ ክርክሩ ተቋርጦ አያውቅም። ፋይዳው የአየር ሰዓት ሻጩ ጣቢያም ሆነ ገዢው አስተዋዋቂ ሁለቱም የሚቀበሉት አንድ የጋራ ቁጥር ማግኘታቸው ነው።

በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ፣ ሁሉም ወገን አምኖበት የሚደራደርበትና በየጊዜው ለሕዝብ የሚገለጽ የጋራ መለኪያ አልተለመደም። ጣቢያዎች በራሳቸው ወጪ የሚያስጠኑት የስልክና የቤት ለቤት መጠይቅ፣ የማስታወቂያ ድርጅቶች ለደንበኞቻቸው የሚያዘጋጁት ግምት፣ ወደ ፕሮግራሙ የሚደወለው ስልክና የሚላከው አጭር የጽሑፍ መልእክት፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ዩቲዩብ ላይ የሚታየው የተመልካች ቁጥር እንደ መለኪያ ሲያገለግሉ ይታያል፤ ሆኖም አንዱ ጣቢያ ያስጠናውን ሌላው ስለማይቀበለው፣ «በአገሪቱ ቀዳሚ» የሚለው ማዕረግ በአንድ ወቅት በሦስትና በአራት ጣቢያዎች ሲነገር መስማት እንግዳ አይደለም። ሚዛን በሌለበት ገበያ እያንዳንዱ ነጋዴ በራሱ ጣሳ ቢሰፍር የሚያስደንቅ አይሆንም።

የመለኪያው እጦት ከቸልተኝነት ብቻ የመጣ አለመሆኑን ለመረዳት ኮልፌን ራሱን እንደ ናሙና መውሰድ ይቻላል። ኒልሰን የሚቆጥረው «ቤተሰብ» በአንድ ቤት ውስጥ የሚኖርና የራሱ ቴሌቪዥን ያለው ክፍል ነው፤ በኮልፌ ነባር ሰፈሮች ግን በአንድ ግቢ ውስጥ አከራይና በርከት ያሉ ተከራዮች አብረው ስለሚኖሩ፣ የአከራይዋን ድራማ የተከራይ ልጆች በበር ቆመው፣ የቤት ሠራተኛዋ ከኩሽና ወጣ ገባ እያለች ሊከታተሉት ይችላሉ። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ባለበት ቀን ወንዶቹ ተጠራርተው በክፍያ ወደሚታይበት ዲኤስቲቪ ቤት ሲሄዱ የቤቱ ቴሌቪዥን በሴቶችና በልጆች ምርጫ ሥር ይውላል። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ጉራጊኛና ስልጥኛ በአንድ መንደር በሚነገሩበት በዚህ አካባቢ የትኛው ቤት ለየትኛው ጣቢያ ናሙና እንደሚሆን መወሰን ቀላል አይደለም፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ የዚያ ምሽት ልኬት እንዳለ ይበላሻል። በዚህ ላይ የሳተላይት ለውጡ ይጨመራል። በ2012 ዓ.ም. ኢትዮሳት የተባለው የስርጭት መድረክ በኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበርና በሳተላይት ኩባንያው ኤስኢኤስ ስምምነት ተጀምሮ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ከናይልሳት ወደዚያ ሲዛወሩ፣ በየጣሪያው ያለው ዲሽ በባለሙያ መዞር ነበረበት፤ ሳያዞር የቆየ ቤት ለዚያ ጊዜ ለአገር ውስጥ ጣቢያዎች ተመልካች መሆኑ ቀርቶ ኤምቢሲን የመሳሰሉ የዓረብ ጣቢያዎች ተመልካች ብቻ ሆኖ ነበር። ስለዚህ አንድ ፕሮግራም «ተመልካች የለውም» ሲባል የተባለው ነገር ብዙውን ጊዜ የተለካ እውነት ሳይሆን የተናጋሪው ግምት መሆኑን መዘንጋት አይገባም፤ በአዲስ አበባ ማዕከላዊ ሰፈሮች ያለ ጋዜጠኛ ማንም አያየውም ያለው ፕሮግራም ዓለም ባንክ አካባቢ ባሉ ቤቶች የምሽቱ ዋና ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

መለኪያው ባለበት አገርም ቢሆን አነስተኛ ቁጥር ሁልጊዜ የሞት ፍርድ ሆኖ አያውቅም። «ቺርስ» የተባለው የአሜሪካ አስቂኝ ተከታታይ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲጀመር በመጀመሪያው ዓመት ከዝርዝሩ ግርጌ ተርታ የነበረ ሲሆን፣ ጣቢያው ኤንቢሲ በዚያን ጊዜ ከሦስቱ ታላላቅ ጣቢያዎች የመጨረሻው ስለነበረና በቦታው የሚተካው የተሻለ ነገር ስላልነበረው አቆየው፤ ፕሮግራሙ ከዓመታት በኋላ የአገሪቱ ቀዳሚ ሆኖ እስከ 1993 ዘልቋል። ከእርሱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የጀመረው «ሂል ስትሪት ብሉዝ» የተባለው የፖሊስ ድራማም በተመሳሳይ ዝቅተኛ ቁጥር ላይ እያለ ታድሶ፣ ለመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ ስምንት የኤሚ ሽልማቶችን በማግኘት የጣቢያውን ስም ከፍ አድርጓል። እነዚህ ሁለት ታሪኮች በየመጽሐፉ የሚጠቀሱት ትዕግሥት እንደሚክስ ለማሳየት ነው፤ ነገር ግን የከሰሩት ትዕግሥቶች ታሪክ የሚጽፍላቸው ስለሌለ ምሳሌዎቹ ከሚገባቸው በላይ ክብደት ተሰጥቷቸዋል ማለት ይቻላል።

ከትዕግሥት ይልቅ የባለቤትነት ጉዳይ የበለጠ ያስረዳል። በአሜሪካ ጣቢያዎች የሚያስተላልፉትን ፕሮግራም ባለቤትነት እንዳይዙ ያግድ የነበረው እ.ኤ.አ. የ1970 ደንብ ከ1993 ጀምሮ እየላላ ከቀረ በኋላ፣ ጣቢያና ስቱዲዮ በአንድ ባለቤት ሥር መዋል ጀመሩ፤ በዚህም ምክንያት በስርጭት የከሰረ ፕሮግራም በድጋሚ ስርጭት መብት፣ በውጭ አገር ሽያጭና በኋላም በኢንተርኔት የፊልም አገልግሎቶች በሚገኝ ገቢ ለዚያው ባለቤት ትርፍ ሊያመጣ ቻለ። ለድጋሚ ስርጭት የሚሸጥ ተከታታይ በልማድ መቶ ክፍል ገደማ እንዲኖረው ስለሚፈለግ፣ ሰማንያ ክፍል ላይ የደረሰ ፕሮግራም ተመልካቹ ቢያንስም ለአንድ ዓመት መታደሱ ቀላል ስሌት ነበር። ሲደብልዩ የተባለው ጣቢያ የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ባለቤቶቹ ሲቢኤስና ዋርነር ብራዘርስ ፕሮግራሞቹን በራሳቸው ስቱዲዮ እየሠሩ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ለኔትፍሊክስ ይሸጡ ስለነበር፣ ጣቢያው ራሱ ባያተርፍም «ክሬዚ ኤክስ-ገርልፍሬንድ»ን የመሰሉ በቁጥር ዝቅተኛ ተርታ የነበሩ ተከታታዮች ለአራት ምዕራፎች ቆይተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ግን የድራማ ስቱዲዮ የሌለው ኔክስታር የተባለ ኩባንያ አብዛኛውን ድርሻ ሲገዛ፣ ሽያጩ በተካሄደበት በዚያው ዓመት በርካታ ተከታታዮች በአንድ ጊዜ ተሰረዙ። ተመልካቹም ቁጥሩም በአንድ ሌሊት አልተለወጠም፤ የተለወጠው ገንዘቡ የሚገባበት ኪስ ነው። ከዚህ የጠራ ማስረጃ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሲመሠረት ብቸኛ ጣቢያ ስለነበረና ለብዙ ዐሥርት ዓመታትም እንዲሁ ስለቆየ፣ «ዝቅተኛ ተመልካች» የሚባል ነገር ትርጉም አልነበረውም፤ ቴሌቪዥን የከፈተ ሁሉ የሚያየው አንድ ነገር ነበር። አባባ ተስፋዬ በሚል ስም የሚታወቁት ተስፋዬ ሣህሉ ያቀርቡት የነበረው የልጆች ፕሮግራም ከጣቢያው መጀመሪያ አንሥቶ ከአርባ ዓመት በላይ የቀጠለው ማንም ተመልካቹን ቆጥሮለት አልነበረም፤ በ1998 ዓ.ም. የቆመውም ተመልካች አጥቶ አይደለም። ይህ ልማድ፣ ማለትም መጀመርም ሆነ ማቆም ከተመልካች ብዛት ውጭ በሆነ ምክንያት መወሰኑ፣ ጣቢያዎች በበዙበት ዘመንም ሙሉ በሙሉ አልተለወጠም። በፋና ቴሌቪዥን ይቀርብ የነበረውና በአንድ ካፌ ውስጥ በሚሰባሰቡ ገጸ ባሕርያት በኩል የአገሪቱን ፖለቲካ ይሸነቁጥ የነበረው «ምን ልታዘዝ» የተባለ ተከታታይ መነጋገሪያ በነበረበት ወቅት መቋረጡ፣ በተቃራኒው አቅጣጫ ያለውን ተመሳሳይ እውነት ያሳያል፦ ጥቂት ተመልካች ለመሰረዝ በቂ ካልሆነ፣ ብዙ ተመልካችም ለመቀጠል ዋስትና አይሆንም።

የዛሬውን ሁኔታ ለመረዳት ቁልፉ የአየር ሰዓት አሸጣጥ ነው። በኢትዮጵያ የብሮድካስት ሥራ አንድ ፕሮግራም ወደ አየር የሚደርሰው በሦስት ዓይነት ውል ነው። የመጀመሪያው ጣቢያው በራሱ ሠራተኞችና በራሱ ወጪ የሚያዘጋጀው ሲሆን፣ ዜናና አብዛኞቹ የጠዋት ፕሮግራሞች በዚህ ይጠቃለላሉ። ሁለተኛው ጣቢያውና አዘጋጁ የማስታወቂያ ገቢን በስምምነት የሚካፈሉበት ነው። ሦስተኛው፣ ለዚህ ዳሰሳ ዋነኛ የሆነው፣ አዘጋጁ ከጣቢያው የአየር ሰዓት በኪራይ ወስዶ፣ ፕሮግራሙን በራሱ ወጪ ሠርቶ፣ ስፖንሰሩንም ራሱ ፈልጎ የሚያቀርብበት ነው። ይህ አሠራር በኤፍኤም ሬዲዮ ጣቢያዎች ሥር የሰደደ ሲሆን፣ ሰዓቱን የሚወስዱት ሰዎች ተባባሪ አዘጋጆች ይባላሉ፤ የሳተላይት ቴሌቪዥን ሲስፋፋም ልማዱ አብሮ ተሻግሯል።

በሦስተኛው ውል የአደጋው ተሸካሚ ማን እንደሆነ ሲታይ የታዳሹ ፕሮግራም ምሥጢር በአብዛኛው ይገለጣል። ጣቢያው የሚሸጠው ሰዓት ነው፤ የሰዓቱ ዋጋ ከተከፈለው ሠላሳው ደቂቃ በአንድ ሺህ ሰው ታየ ወይም በአንድ ሚሊዮን ለዚያ ወር ሒሳቡ ላይ ለውጥ አያመጣም። ስለዚህ ጣቢያው በውል ማደሻ ጊዜ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ሰው አየው?» የሚል ሳይሆን «ያለፈው ክፍያ ተጠናቋል ወይ?» የሚል ይሆናል። ጣቢያው በረጅም ጊዜ ሲታይ ሊጎዳ እንደሚችል እሙን ነው፤ ደካማ ፕሮግራም ተመልካቹን ወደ ሌላ ጣቢያ ስለሚያሸሽ ከእርሱ በኋላ ያለው ፕሮግራም ባዶ ቤት ይጠብቀዋል። የሠራተኛ ደመወዝና የሳተላይት ኪራይ፣ ያውም በውጭ ምንዛሪ የሚከፈለው፣ በየወሩ በሚጠብቀው ጣቢያ ዘንድ ግን የረጅሙ ጊዜ ስሌት ቅድሚያ ማግኘቱ ያጠራጥራል።

ይህን ውል እንዲሁ መንቀፍ ቀላል ቢሆንም ፍርዱ ሚዛናዊ ሊሆን ይገባል። ጣቢያው ደፍሮ የማይሞክረውን ሐሳብ ይዘው የመጡ፣ በጣቢያ ቅጥር ያልነበሩ ብዙ ወጣት አዘጋጆች ወደ ሙያው የገቡት በዚሁ በር ነው፤ ስለ መጻሕፍት፣ ስለ ታሪክና ስለ ሙዚቃ የሚያወሩ፣ ብዙኃኑን የማይስቡ ነገር ግን ታማኝ አድማጭና ተመልካች ያፈሩ ዝግጅቶች በቁጥር ብቻ ቢመዘኑ ኖሮ ከሦስት ወር ባልዘለሉ ነበር። ችግሩ በዚያው በር ገንዘብ ብቻ ይዞ የመጣውም እኩል መግባቱ ነው።

አዘጋጁ ገንዘቡን የሚያገኘው ከስፖንሰር ነው፤ ስፖንሰርነት ማለት አንድ ድርጅት ከተራ ማስታወቂያ አልፎ ስሙ ከፕሮግራሙ ጋር ተያይዞ እንዲጠራ ቋሚ ክፍያ የሚፈጽምበት ውል ነው። በመርህ ደረጃ ስፖንሰሩ ተመልካች ፍለጋ ነው የሚመጣው፤ በተግባር ግን የጋራ መለኪያ በሌለበት ውሳኔው በትውውቅ፣ በአቅራቢው ዝናና በድርጅቱ የገጽታ ግንባታ ፍላጎት ላይ ይመሠረታል። ባንክ፣ የሪል ስቴት ኩባንያ ወይም ኢንሹራንስ ተመልካቹ ሁሉ ደንበኛው እንዲሆን አይጠብቅም፤ ጥቂት ነጋዴዎችና ባለ ሥልጣናት የሚያዩት የኢኮኖሚ ውይይት ለእርሱ ከተወደደ ድራማ ሊበልጥበት ይችላል። በአሜሪካም አስተዋዋቂዎች ከጠቅላላው ቁጥር ይልቅ ከ18 እስከ 49 ዓመት ያሉትን ወይም ከፍተኛ ገቢ ያላቸውን ተመልካቾች ለይተው ሲከፍሉ መኖራቸው ይህንኑ ያጠናክራል። አንዳንዱ ስፖንሰርነት ደግሞ ከንግድ ስሌት ይልቅ ለዕውቂያ ይቀርባል፤ የሥራ አስኪያጁ የሠፈር ልጅ ወይም የትምህርት ቤት ጓደኛ የሚያዘጋጀው ፕሮግራም ቁጥር ሳይጠየቅ እንደሚታደስ የዘርፉ ሰዎች አይደብቁም።

የስፖንሰር ገቢ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ በግልጽ የታየው የቢራ ማስታወቂያ በታገደ ጊዜ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጦች በብሮድካስት እንዳይተዋወቁ ሲከለክል፣ ቢራ ፋብሪካዎች የድራማ፣ የሙዚቃና የስፖርት ፕሮግራሞች ዋነኛ ደጋፊዎች ስለነበሩ፣ ተመልካቻቸው ያልቀነሰ ዝግጅቶች ጭምር ገንዘብ አጥተው ቀጭጨዋል። በዚህ አጋጣሚ የተረፉት ብዙ የሚታዩት አልነበሩም፤ ከቢራ ውጭ ሌላ ከፋይ የነበራቸው ናቸው። የአዋጁ ዓላማ የሕዝብ ጤና እንጂ የፕሮግራም ምርጫ አልነበረም፤ ለጥናት ግን ታስቦ ሊዘጋጅ እንደማይችል ሙከራ የሚቆጠር ውጤት ትቶ አልፏል፣ ከሲደብልዩ ታሪክ ጋር ጎን ለጎን ሲነበብም የሁለቱ ትምህርት አንድ ነው።

ከግል ስፖንሰሮች ቀጥሎ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ይመጣሉ። ሚኒስቴሮች፣ ባለ ሥልጣናት፣ ቢሮዎችና የልማት ድርጅቶች በሕዝብ ግንኙነት ክፍሎቻቸው በኩል የአየር ሰዓት ገዝተው ሥራቸውን የሚያስተዋውቁ ሳምንታዊ ዝግጅቶችን ያቀርባሉ። የእነዚህ ዝግጅቶች ውል የሚታደስበት መንገድ ከበጀት ዘመኑ ጋር የተሳሰረ ነው፤ በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ለሕዝብ ግንኙነት የተያዘው ገንዘብ ሥራ ላይ ካልዋለ ስለሚመለስና በሚቀጥለው ዓመት ሊቀነስ ስለሚችል፣ «ይህን ያህል ፕሮግራም ተላልፏል» የሚለው ዓረፍተ ነገር በዓመታዊ ሪፖርት ውስጥ የራሱ ዋጋ አለው። ሪፖርቱ የሚቆጥረው የተላለፈውን ነው፤ የታየውን የሚጠይቅ ሰንጠረዥ እምብዛም አይኖረውም። የኮልፌ ተመልካች ጣቢያ የሚቀይርበት የሪባን ቆረጣና የስብሰባ ዘገባ ሳይሰለች የሚመለሰው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው፤ ዋነኛ ተመልካቹ በዚያ ስብሰባ የታየው ኃላፊ ራሱ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ይሁን እንጂ በሕዝብ ገንዘብ የሚቀጥል ዝቅተኛ ተመልካች ያለው ፕሮግራም ሁሉ ከዚህ ዓይነት ጋር መደመር የለበትም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ በእኩልነት የመንግሥት ዕውቅና እንደሚኖራቸው ሲደነግግ፣ በአንቀጽ 29 ደግሞ በመንግሥት ገንዘብ የሚንቀሳቀስ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ለማስተናገድ በሚችልበት ሁኔታ እንዲመራ ያዛል። የኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን፣ በአዋጅ ቁጥር 858/2006 ከቀድሞው ድርጅት ተለውጦ የተቋቋመው፣ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተጠሪ ሆኖ በተለያዩ የአገር ውስጥ ቋንቋዎች የሚያሰራጨው በዚህ ግዴታ ነው። በአፋርኛ የሚቀርብ የግማሽ ሰዓት ዝግጅት በአገር አቀፍ ሬቲንግ ቢለካ ቁጥሩ እጅግ አነስተኛ መሆኑ የቋንቋው ተናጋሪዎች ቁጥር ራሱ የሚወስነው ነገር ነው፤ ነገር ግን ለተናጋሪው ሕዝብ ይህ ዝግጅት በሌላ ሊተካ አይችልም። የእንግሊዙ ቢቢሲ ተመልካች የሚከፍለውን የፈቃድ ክፍያ ለሥነ ጥበብና ለአናሳ ቋንቋዎች ዝግጅቶች ሲያውል የሚሰጠው ምክንያትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ትክክለኛው ንጽጽር ዝግጅቱ ሊደርስባቸው ከታሰቡት ሰዎች መካከል ስንቱ ያየዋል የሚል ሲሆን፣ ይህ ጥያቄ በመሥሪያ ቤት ዝግጅቶችም ላይ ቢጠየቅ የቋንቋውን ዝግጅት ሲያስመሰግን የስብሰባ ዘገባውን የሚያሳፍር ይሆናል።

የልጆች ዝግጅቶችና ለማኅበራዊ ለውጥ የሚሠሩ ድራማዎችም የራሳቸው ከፋይ አላቸው። ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር የፈጠረችው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በ1999 ዓ.ም. ገደማ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲጀመር፣ ልጆች ዕቃ ገዢ ስላልሆኑ የአስተዋዋቂዎች ሽሚያ አልጠበቀውም፤ የቆየው በአብዛኛው በእርዳታና በድጋፍ ገንዘብ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በዓለም አቀፍ የትምህርት ሚዲያ ውድድር የጃፓን ሽልማትን ማግኘቱም ድጋፍ ለመሳብ ከማንኛውም የተመልካች ቁጥር ይልቅ ጠቅሞታል። በሬዲዮም ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. ያሰራጨው «የቀን ቅኝት» የተባለው ተከታታይ ድራማ 257 ክፍሎች የነበሩት ሲሆን፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤች አይ ቪ ያስተምር ስለነበር፣ ስኬቱ ወደ ጤና ተቋማት ከመጡት ሰዎች ስንቶቹ ድራማውን ሰምተው እንደመጡ በመጠየቅ ጭምር ተለክቷል። ከፋዩ ሲለወጥ ሚዛኑም አብሮ እንደሚለወጥ ከዚህ የተሻለ አብነት አይገኝም፤ ገንዘብ ሰጪው የገዛው የባሕርይ ለውጥ ስለነበረ የለካውም ያንኑ ነው።

በ2008 ዓ.ም. የጀመረው ቃና ቴሌቪዥን በዚህ ሥዕል ላይ የተለየ ቀለም ጨምሯል። ጣቢያው ሰዓቱን ከማከራየት ይልቅ የቱርክና ሌሎች የውጭ አገር ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ እያስቀዳ በራሱ ሰሌዳ ያቀረበ በመሆኑ፣ የተመልካችን ብዛት ከልብ የማጥናት ምክንያት ነበረው፤ በአጭር ጊዜ ያገኘው ተቀባይነትም የአገር ውስጥ የፊልምና የቴአትር ባለሙያዎችን ተቃውሞ ቀስቅሷል። ነገር ግን በዚህ አሠራርም «ማደስ» የሚለው ውሳኔ ቦታው ይለወጣል። በውጭ አገር ተጠናቅቆ ያለቀ ተከታታይ በጥቅል ተገዝቶ ድምፁ ከተቀዳ በኋላ መሀል ላይ ቢደክም እንኳን፣ የተከፈለበት ክፍል መደርደሪያ ላይ ከሚቀር መተላለፉ ይመረጣል፤ ስለዚህ ተመልካቹ «ለምን አያቆሙትም?» የሚለው ድራማ ዕጣው የተወሰነው ምናልባት የመጀመሪያው ክፍል ከመታየቱ በፊት ነው። የክፍያ ቴሌቪዥን ደግሞ ሌላ ስሌት ይዞ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 በዲኤስቲቪ ላይ የተከፈተው አቦል ቲቪ የአማርኛ ድራማዎችን የሚያሠራው በዋናነት ወርኃዊ ከፋይ ደንበኛ ለማግኘትና ለማቆየት በመሆኑ፣ ለጥቂት ሺህ ቤቶች ደንበኝነታቸውን የማደስ ምክንያት የሚሆን ድራማ ሌሎች ባያዩትም ዋጋውን ይመልሳል።

ከእነዚህ ሁሉ ጎን ብዙ ያልተባለለት፣ ነገር ግን ቀላል ያልሆነ አንድ ምክንያት አለ፤ እርሱም ሰሌዳን የመሙላት ግዴታ ነው። ጣቢያ ሃያ አራት ሰዓት ክፍት ነው፤ የአገሪቱ የድራማ ጸሐፊ፣ የካሜራና የድምፅ ባለሙያ ቁጥር ግን ከሃያ በላይ ጣቢያዎችን በአዲስ ሥራ የሚመግብ አይደለም። ኤንቢሲ «ቺርስ»ን ያቆየው ምትክ አጥቶ እንደነበረ ሁሉ፣ የአዲስ አበባ ጣቢያዎችም ደካማ ነገር ግን በየሳምንቱ ሳያቋርጥ የሚደርስ ዝግጅትን ጎበዝ ነገር ግን በሦስተኛው ሳምንት ከሚጠፋ ዝግጅት ይመርጣሉ፤ በሰሌዳ ሥራ ውስጥ ሰዓት አክባሪነት ራሱን የቻለ ተሰጥኦ ነው።

የዩቲዩብ መስፋፋት ይህን ሁሉ ያስተካክለዋል የሚል ተስፋ በአንድ ወቅት ነበረ፤ ቁጥሩ በይፋ ስለሚታይ ግምት በማስረጃ ይተካል ተብሎ ነበር። የሆነው ግን ከፊል ብቻ ነው። ዩቲዩብ ለአንድ ሺህ ዕይታ የሚከፍለው ተመልካቹ ባለበት አገር የማስታወቂያ ዋጋ መጠን ስለሆነ፣ በዋሽንግተን ወይም በቶሮንቶ ያለ አንድ ኢትዮጵያዊ ዕይታው ከኮልፌ ተመልካች ዕይታ ብዙ እጥፍ ያስገኛል፤ በዚህም ምክንያት በአገር ውስጥ ምሽት ላይ ሲተላለፍ ማንም ትኩር ብሎ ያላየው የናፍቆት ወግ፣ የቀድሞ ዘመን ድምፃውያን ቃለ መጠይቅ ወይም የገጠር ጉዞ ዝግጅት በማግስቱ ባሕር ማዶ ባለው ተመልካች ሒሳቡን ዘግቶ ለሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል። የቴሌቪዥን ስርጭቱ ለእንዲህ ዓይነቱ አዘጋጅ የሚጠቅመው ለስም ነው፤ «በጣቢያ የሚተላለፍ» መባሉ እንግዳ ለመጋበዝና ስፖንሰር ለማናገር በር ይከፍትለታል። የአየር ሰዓቱን ኪራይ ሳያጓድል የሚከፍለውም ለዚሁ ነው፤ አየር ጤና ላይ ሆኖ ይህን ዝግጅት የሚያልፈው ተመልካች መጀመሪያውንም በስሌቱ ውስጥ አልነበረም።